ጋሽ ሰይድና የቃል እቁባችን

ጋሽ ሰይድ በጠቅላላው ያስወጡኝ አንድ ትልቅ አዲስ ሻንጣ፣ አንድ ሳጥን ለስላሳ እና የሱቄን ደጃፍ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ደግ ደጉን ሳወራ «ብርሃኑ ልቡ ለሰለሰ» እንዳትሉኝ ነው። ነጋዴ ነኝ፤ ወጪዬን አውቃለሁ።

ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ዘሀራ ናት። ጠዋት ሱቅ ልከፍት የብረት መዝጊያውን ወደ ላይ እየገፋሁ ስልኬ ጮኸ። «ጋሽ ብሬ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። መዝጊያውን እግማሹ ላይ ተውኩት። መጀመሪያ ወደ አፌ የመጣው «አንዲት ገጽ ብቻ ቀርታቸው ነበር እኮ!» የሚል ነበር። አባቷ ለሞተባት ልጅ የሚባል ነገር አይደለም። ዋጥ አደረግኩና «አላህ ይዘንላቸው፣ እመጣለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ያቺ ገጽ ምን እንደሆነች ለመናገር ግን ከደጃፌ መጀመር አለብኝ።

ሱቄ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በአንድ ፎቅ ሥር ከተደረደሩት አንዱ ነው። ሻንጣ እሸጣለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፤ የዚህ ከተማ ሰው ደግሞ የሻንጣው ዚፕ እንደተበላሸ የሚያውቀው ሊበር ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ነው። እንጀራዬ እሱ ነው። በመስታወት በሬና በእግረኛው መንገድ መሃል፣ ጣራ ያላት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ቦታ አለች። ናሙና ልደረድርባት አስቤ ነበር። አንድ ክረምት ጋሽ ሰይድ መርፌና ሙጫቸውን በፌስታል ይዘው መጡና «ዝናቡ እስኪያባራ ልቀመጥ?» አሉኝ። ዝናቡ አባራ። እሳቸው አልተነሱም።

ሥራቸው ሻንጣ መጠገን ነበር። ሻንጣ ሻጭ በሩ ላይ ሻንጣ ጠጋኝ ማስቀመጡ፣ ሬሳ ሳጥን ሻጭ ደጁ ላይ ሐኪም እንደማስቀመጡ ነው። ደንበኛው ጎማው የወለቀ ሻንጣውን እየጎተተ ሊገዛኝ ሲመጣ ጋሽ ሰይድ መርፌያቸውን በከንፈራቸው እንደያዙ ቀና ይሉና «ይድናል» ይላሉ። አለቀ። ያ ሰው ወደ ውስጥ አይገባም። አንዳንዴ ደግሞ ሻንጣውን ገልበጥ፣ መታ መታ አድርገው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «አይድንም። ብሬ ዘንድ ግባ።» የሚገርመው፣ እሳቸው የላኩት ሰው ዋጋ አይከራከርም። የመጨረሻውን ሐኪም አይቶ የመጣ ነዋ! ስለዚህ ዝም አልኩ። ስለ ኪራይ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

የወሎ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ የማይለያቸው፤ የመነጽራቸው እግር በሻንጣ ክር የታሰረ። በወጣትነታቸው በአንድ ሆቴል የእንግዳ ዕቃ ተሸካሚ ነበሩ። እንግሊዝኛን የተማሩት ከሰው ሻንጣ ሥር ሆነው፣ ደረጃ እየወጡ ነው። የቀረውን ያስተማራቸው መዝገበ ቃላታቸው ነበር፤ ወፍራም፣ ጀርባው እንደ ሻንጣ በድርብ ስፌት የተሰፋ። እኔ ትምህርት የተውኩት ልጅ ሆኜ ነው፤ እንግሊዝኛዬም «ላስት ፕራይስ» እና «ኖ ፕሮብሌም» ላይ ያበቃ ነበር። በሁለቱ ብዙ ሻንጣ ሸጫለሁ።

መጽሐፉ የመጣው በሰው ሻንጣ ውስጥ ነው። አንዲት ሴትዮ ዚፑ የተበጠሰ አሮጌ ቡናማ ሻንጣ ሰጥታቸው ሄደች። ዚፑን ለመስፋት የውስጥ ኪሱን ሲያራግፉ አንድ የድሮ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ወጣ። ሽፋኑ ወድቋል፤ ርዕሱም፣ የጻፈው ሰው ስምም አብረው ሄደዋል። ሴትዮዋ በቀጠሮዋ አልመጣችም። የሰጠችው ስልክ አይሠራም። ወር አለፈ፤ ክረምትም አለፈ። ሌላው ጠጋኝ ቢሆን ሸጦት ነበር። እኔም «ጋሼ፣ ይሽጡት እንጂ» ብያቸዋለሁ።

«አደራ ነው ብሬ» አሉኝ።

«መጽሐፉስ?»

ትንሽ አሰቡ። «ማንበብ መውሰድ አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ግን ራሳቸውን የሚያሳምኑ ይመስል ነበር።

እንዲያ ሆኖ ተጀመረ። እንዴት እንደሚያነቡት ብታዩ! መጀመሪያ ከጀሪካኑ ውሃ አፍስሰው ሙጫውን ከጣታቸው ያስለቅቃሉ። ከዚያ ኦፕራሲዮን እንደሚገባ ሐኪም ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው በነፋስ ያደርቃሉ። ገጽ አያጥፉም፤ እርሳስ አያስነኩም፤ ወደ ቤት አይወስዱትም። ደንበኛ ከመጣ ያስቀምጡታል። በዚህ አያያዝ ቀን ሦስት ገጽ ከሄዱ ሠርግ ነው። የሚያስፈራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳይጨርሱት ሴትዮዋ ብትመጣስ? ቡናማ ሻንጣ የምትጎትት ሴት በመንገዱ ባለፈች ቁጥር መርፌው ከንፈራቸው ላይ ይቆማል።

«ጋሼ፣ ለምን በስልኬ ፎቶ አናነሳውም? አንድ ከሰዓት አይፈጅም» አልኳቸው።

«ሰው የቤቱን ቁልፍ አደራ ቢሰጥህ፣ አስቀርፀህ ትመልስለታለህ?»

ከዚህ በኋላ ፎቶ የሚባል ነገር አላነሳሁም።

ቃሎቹስ? ቃሎቹ ወደ እኛ የደረሱት በእቁብ ነው። በየቅዳሜው የሱቅ ረድፋችን እቁብ የሚወጣው እኔ ዘንድ ነበር፤ ጋሽ ሰይድም አባል ናቸው። አንድ ቅዳሜ ዕጣው ወጥቶ ሰው ሊበተን ሲል ያነበቡትን ታሪክ ማውራት ጀመሩ። ሰውየው የመርከብ ነጋዴ ነው። መርከቦቹ ሰምጠው ከስሯል፤ ትልቅ ቤቱን መሸጥ አለበት። ግን ለማንም አይናገርም፤ እንዲያውም በየሳምንቱ ድግስ ይደግሳል። እኛ ነጋዴዎች ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው በስም እናውቃለን። ሽቶ የምትሸጠው ጎረቤቴ ትዕግስት ያነሳችውን ቦርሳ መልሳ አስቀምጣ ቁጭ አለች። «ቤቱን ሸጠው?» አለች።

«ገና ነኝ።»

«በአሁኑ ዋጋ ባይሸጠው ይሻለዋል» አለች። ቤቱ እንግሊዝ አገር፣ ያውም ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት መሆኑ አላሳሰባትም።

በዚያው ጋሽ ሰይድ ያስቸገራቸውን ቃል ነገሩን። «ኢንሶልቨንት»፤ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ማለት ነው። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ያዝነው። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ሰይድ ሥርዓት ያወጡት። «ቃል በነፃ ሲሰጥ ይረሳል» አሉ። «በዕጣ ይሁን።» ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ የገንዘቡ ዕጣ ከወጣ በኋላ የቃሉ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የወጣለት ሰው ቃሉ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ የግሉ ነው። ሌላው ሊናገረው አይችልም። ባለቤቱ ደግሞ በሥራው ላይ ሊያውለው ግድ ነው፤ ሳይሠራበት ከከረመ ቃሉ የሱ አልነበረም። ሳምንቱ ሲያልቅ ለሁሉም ነፃ ይወጣል።

ሳቃችሁ አይደል? እኛም ስቀን ነበር። ግን የራሱ የሆነ ነገር ነጋዴን ምን እንደሚያደርገው አስቡት። «ኦስቴንቴሽየስ»፣ ለታይታ የሚያበዛ ማለት ነው፣ የደረሰው የጫማ ነጋዴ ሳምንቱን ሙሉ ደንበኛ ሲሰድብበት ከረመ። ትዕግስት «ፕሮክራስቲኔት» ሲደርሳት፣ ነገ ዛሬ ማለት፣ ዱቤ ያለባቸውን በሙሉ በእሱ አስፈራራቻቸው። ትርጉሙን የጠየቃት የለም፤ ሁሉም ከፈሏት።

የአንዱ ሳጥን ለስላሳ ነገር እንዲህ ሆነ። «ኢምፐርቪየስ» የሚል ቃል ወጣ፤ ምንም የማያስገባ፣ የማያሳልፍ ማለት ነው። ለሻንጣ ነጋዴ ከሰማይ የወረደ ቃል! ዕጣው የወጣው ለትዕግስት ነው። ማክሰኞ አንድ ፈረንጅ መጥቶ ደረቁን ሻንጣ እያንኳኳ ዝናብ ያስገባ እንደሆነ ጠየቀኝ። አንገቴን በበሩ አውጥቼ «ትዕግስት! ነይና አንድ ጊዜ በይልኝ!» አልኩ።

«ሰው ይዣለሁ! ቆይ!»

ፈረንጁ ሰዓቱን አየ። «ትዕግስት፣ ሊሄድብኝ ነው!»

«እኔ ምን ላድርግህ፣ የራስህን ቃል ተጠቀም!»

አልቻልኩም። ተናገርኩት። ፈረንጁ ቅንድቡን አነሳ፣ ሻንጣውን ደግሞ አየው፣ ገዛው። ጋሽ ሰይድ ከደጃፉ ሆነው መርፌያቸውን እንደያዙ ሁሉን ሰምተዋል።

ቅዳሜ ተከሰስኩ። ዳኛው እሳቸው ናቸው።

«ሌላ ቃል አልነበረህም?»

«ነበረኝ። ውሃ አያስገባም ማለት እችል ነበር።»

«ታዲያ?»

«ያኛው ያምራላ፣ ጋሼ!»

መርፌው ከአፋቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው አንድ ሳጥን ለስላሳ ፈረዱብኝ። ትዕግስት ሦስት ጠርሙስ ብቻዋን ጠጣች፤ ካሳ ነው ብላ።

እሳቸው ራሳቸው ቃሉን የሚናገሩት ለማሳመር አልነበረም። የወደዱትን ዕቃ ደጋግሞ እንደሚነካ ሰው ነበሩ። አንዴ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ ጎማው የተሰበረ ሻንጣ አመጣላቸው። አገላብጠው አዩና «ዩር ቫሊስ ኢዝ ላሜንታብል» አሉት፤ ሻንጣህ ያሳዝናል ማለታቸው ነው።

ልጁ ሳቀ። «ፋዘር፣ ይሄ እንግሊዝኛ እኮ ጊዜው አልፎበታል።»

«ጎማህም ጊዜው አልፎበታል» አሉት ሳይቆጡ። «አብሽር፤ ሁለቱም ይድናሉ።»

ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ መጽሐፉ ወደ ማለቁ ደረሰ። የመጨረሻዋ ምዕራፍ ብቻ ቀረች። መርከብ ነጋዴው ቤቱ የሚሸጥበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አልፈረመም። እኛ ደግሞ ለሁለት ተከፍለናል፤ ትዕግስት «አይሸጥም» ትላለች፣ እኔ «ይሸጣል» እላለሁ። በዚህ መሃል አንድ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ቆመና አንዲት ሴት ወረደች። ጋሽ ሰይድን አየች፣ ጣራዋን አየች። «እርስዎ አሁንም እዚሁ ነዎት?» አለች።

አወቋት። እኔም ፊታቸውን አይቼ አወቅኋት።

ሴትዮዋ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውራ፣ ስልኳም ተሰርቆ እንደነበር፣ ማታ በረራ እንዳላት እየተናገረች ጋሽ ሰይድ ሻንጣውን ከሱቄ መደርደሪያ አወረዱ። ያለበሱትን ላስቲክ ፈቱ። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ነበረበት ኪስ መለሱ። ዚፑን ወዲያና ወዲህ አስኬደው አሳዩዋት። ስለ መጽሐፉ ትንፍሽ አላሉም። አንድ ምዕራፍ እኮ ነው የቀራቸው! አንድ ቀን ጠብቂ ቢሏትስ? ሙጫው አልደረቀም ቢሏትስ?

እኔ አልቻልኩም። ከመስታወቱ ውስጥ ትልቁን፣ ባለ አራት ጎማውን አዲስ ሻንጣ እየገፋሁ ወጣሁ። «እህቴ፣ አሮጌውን ለኔ ተዪውና ይህን ውሰጂ። ቀጥታ ልውውጥ።»

አንድ ጀማሪ ነጋዴ እንኳ እንዲህ አይሳሳትም። ፊቴን አየችኝ። አሮጌውን አየችው። «በዚህ ውስጥ ምን አለ?» አለች።

«ምንም የለም!»

«ለምንም አዲስ ሻንጣ የሚሰጥ ነጋዴ ቦሌ ላይ ተፈጠረ?»

ታክሲው ጡሩንባ እየነፋ ሻንጣውን እመንገዱ ላይ ዘረገፈችው። ገበሩን ዳበሰች፤ ጎማዎቹን ፈተለች፤ እጀታውን ስባ ወደ ውስጡ አየች። ትዕግስት ከበሯ ላይ ሆና «ከሥሩም እዪው፣ ወርቅ አለ ይላሉ!» ትላለች። ሴትዮዋ በመጨረሻ መጽሐፉን አወጣችና ቀጥ ብላ ቆመች። «ለዚህ ነው?»

ያን ጊዜ ጋሽ ሰይድ ከበርጩማቸው ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «አንብቤዋለሁ» አሉ። «ሳልጠይቅዎት። አንድ ምዕራፍ ሲቀር አንብቤዋለሁ። አውፍ ይበሉኝ።»

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የከበዳቸው ይህ ኖሯል። እኛ ሳናውቅ በቃላቸው ስንነግድ እሳቸው ይቅርታቸውን እያዘጋጁ ነበር።

ሴትዮዋ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገችው። የታጠፈ ገጽ የለም። «የወንድሜ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ነው የሚያነበው፤ እኔ ደህና አድርጌ አልችለውም። ሻንጣው ቢጠፋ እንኳ ግድ አልነበረኝም። የመጣሁት ለዚህ ነው። ሸጠውታል ብዬ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ፣ ስልክህን አምጣ።»

የመጨረሻዋን ምዕራፍ እሷው ራሷ፣ ገጽ በገጽ፣ በኔ ስልክ ፎቶ አነሳቻት። ጋሽ ሰይድ መጽሐፉን ዘርግተው ያዙላት። ስትጨርስ መጽሐፉን አዲሱ ሻንጣ ውስጥ ከተተችና ዘጋችው።

«እህቴ፣ ያ እኮ...» አልኩ።

«አሮጌውን ተዪውና ይህን ውሰጂ አላልከኝም?»

ወደ ጋሽ ሰይድ ዞርኩ። ዳኛው ኮፍያቸውን እያጠለቁ ነው። «ብለሃል ብሬ» አሉ። «ሰው ሰምቷል።» ታክሲው ከነሻንጣዬ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ፍጹም ተለወጡ። ያ ሁሉ ጥድፊያ ጠፋ። የሳቸው ስልክ ባለ ቁልፉ አሮጌው ዓይነት ስለሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬን ተቀብለው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ አንዲት ገጽ ያነባሉ። አንዲት ብቻ። ሁለተኛዋን አይነኩም።

«ጋሼ፣ ይጨርሱት እንጂ! ትዕግስት ልታብድ ነው።»

«የሰው ሲሆን ነው የሚያስቸኩለው» አሉኝ። «አሁን ተፈቅዶልኛል።»

ደስታቸውን እየቆጠቡ እንደሆነ ገባኝ። እኔ ደግሞ ሻጭ ነኝ፤ ሰው የወደደውን ዕቃ ሲያሽሞነሙን ማቋረጥ አልወድም። ሲታመሙ አንዲት ገጽ ቀርታ ነበር። ስልኬን ይዤ ቤታቸው፣ ቡልቡላ ድረስ ሄጃለሁ። የኮንዶሚኒየሙን አራት ፎቅ ደረጃ ወጥቼ «ላሳይዎት?» አልኳቸው። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና አዩት። «እጄ አልታጠበም» አሉ። «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ኢንሻ አላህ።»

አልመጡም።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ እቁባችን ተሰበሰበ። ሐዘን ለደረሰበት አባል ቤተሰብ ዕጣ ሳይጣል ነው የሚሰጠው፤ ዘሀራ ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች መጣችና የአባቷን ተቀበለች። ልትነሳ ስትል ትዕግስት «ቁጭ በይ» አለቻት። «የቃሉም እንደዚያው ነው። ያለ ዕጣ ያንቺ ነው።»

ስልኩን ሰጠኋት። ዘሀራ ደህና አድርጋ ተምራለች፤ ገጿን በእንግሊዝኛ አንብባ በአማርኛ ነገረችን። መርከብ ነጋዴው ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። አልወጣም፤ አልተመለሰም። አሽከሩ በሩን ልዝጋው ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። አለቀ።

«ሸጠው ወይስ አልሸጠውም?» አለች ትዕግስት።

«አይልም።»

«እንዴት አይልም! ሁለት ክረምት ሙሉ ጠብቀን!» የጫማ ነጋዴውም «ይሄ ደራሲ ያላለቀ ዕቃ ነው የሸጠልን» አለ። ሁላችንም ተንጫጫን። ጋሽ ሰይድ ቢሰሙ መርፌያቸው ይወድቅ ነበር።

ገጿ ላይ ያስቸገረው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ሰውየው የቆመበት ቦታ ስም። «ቬስቲቡል» ይላል። ዘሀራ አባቷ የሰፉትን መዝገበ ቃላት ከቦርሳዋ አውጥታ ገለጠች። እውነቱን ለመናገር ከበድ ያለ ነገር ጠብቀን ነበር፤ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ዕጣ ፈንታ።

«በውጭው በርና በቤቱ መሃል ያለች ጠባብ ቦታ» አለች።

መጀመሪያ ዞራ ያየችው ትዕግስት ናት፤ ከዚያ ሁላችን። ከመስታወቱ ማዶ በርጩማቸው እንዳለ ነው። ጀሪካኑም አለ።

ዘሀራ ሥርዓቱን ታውቀዋለች፤ ከአባቷ ሰምታለች። መዝገበ ቃላቱን ዘጋችና «ካልሠራሁበት የኔ አይሆንም አይደል?» አለች።

«አይሆንም።»

«እሺ። ጋሽ ብሬ፣ የአባዬን ዕቃ ከቬስቲቡሉ ልውሰድ?»

«ውሰጂ» አልኩ።

መርፌው፣ መዶሻው፣ የጎማው ብሎን ሁሉ ፌስታል ውስጥ የሚገባ አልነበረም። ቡናማውን አሮጌ ሻንጣ አወረድኩላት። ዚፑ ምንም ሳይዝ ሄደ።

ትናንት የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ሰው መጥቶ ደጃፏን ጠየቀኝ። ያቀረበው ኪራይ ደህና ነበር።

ሂሳቡ ይኸው ነው። አዲስ ሻንጣ አንድ፣ ወጪ። አሮጌ ሻንጣ አንድ፣ ወጪ። ለስላሳ አንድ ሳጥን፣ ወጪ። ቬስቲቡሉ ባዶ ነው፤ አይከራይም።